የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር የመረጠው ሰው

ከአምቦ የተነሳሁት ስለ በቆሎ ምርት ልዘግብ ነበር። እጃጂ ከአውቶቡስ ስወርድ ገበያው መሃል ሰው ይደበደባል። ሚሊኒየሙ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።

ሰውዬው መሬት ላይ ተኮራምቶ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኗል። ዱላ የያዘ በዱላ፣ ያልያዘ በጫማው ይለዋል። አንዱ ምት ክንዱ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ከቆምኩበት ተሰማኝ። ክንዱ ወደቀ፤ ቀጣዩ ዱላ ፊቱን አገኘው። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት፣ የሰው በሬ ሰርቆ ነው አሉኝ። ማን አየው ብዬ ጠየቅሁ።

«ኮምፒውተር» አሉ።

ፖሊሶቹ ገጠር ወጥተዋል ተባለ። ወደ ሰዎቹ ስጠጋ ገፍትረው አወጡኝ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ኮቴን ያዘች። የተደብዳቢው ሚስት ናት። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ ይህን የሚያስቆሙት ፎቶ ቤት የተቀመጡት የበሬዎቹ ባለቤት ብቻ እንደሆኑ፣ እሷን ግን እንዳልሰሟት ነገረችኝ። ተከትያት ሮጥኩ።

ፎቶ ቤቱን በዝና አውቀው ነበር። ባለቤቱ ለመታወቂያ ፎቶ ያነሳል። አምቦ ኢንተርኔት ቤት እየተመላለሰ ያወረደውን ኮከብ ቆጠራ ከእናት ስም ጋር እያሰላ ዕድል ይናገራል። ቆይቶ የጠፋ ዕቃም መፈለግ ጀመረ። የከተማውን ሰዎች ፎቶ ስክሪኑ ላይ በፍጥነት ያሳልፋል፤ ንብረት የጠፋበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የጠፋውን ነገር እያሰበ አንድ ቁልፍ ይጫናል። የቆመው ፎቶ የሌባው ነው። ቃልቻ ደጅ የማይረግጡ ጴንጤዎች ሳይቀሩ፣ ኮምፒውተር መንፈስም ዘመድም የለውም እያሉ ይገቡ ነበር። የበሬዎቹ ባለቤትም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

ስንገባ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። የሰውዬው ፎቶ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከውጭ ጩኸት በመጣ ቁጥር ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መሬት ይጥላሉ።

ባለ ፎቶ ቤቱን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት እነማን እንደሆኑ ጠየቅሁት። ሰሞኑን ለመታወቂያ የተነሱት ናቸው አለኝ፤ የቆየውን ቦታ ስለሚይዝ ያጠፋዋል። ሽማግሌውን እዚህ ፎቶ ተነስተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አያውቁም። ጎረቤቶችዎስ አልኳቸው። በረታቸውን የሚያውቅ ሰው አንድም የተነሳ የለም። የሴትዮዋ ባል ግን ሰሞኑን ከተነሱት አንዱ ነው፤ ከእንጭኒ የመጣ ወዛደር ስለሆነ ቤታቸውን አያውቀውም።

ባለ ፎቶ ቤቱ አቋረጠኝ። ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ አንተ የተማርክ ሰው እንዴት ይጠፋሃል አለ።

ሴትዮዋ ሽማግሌው እግር ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ ባሌ ፎቶ ባይነሳ ኖሮ ኮምፒውተሩ ማንን ይመርጥ ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ባለ ፎቶ ቤቱ ዞሩ። እሱም ሥራውን እንደተጠየቀ ሰው ወዲያው መለሰ።

«ቀጥሎ ያለውን።»

ሽማግሌው ተነሱ። ዱላቸውን እዚያው ጥለው ወጡና ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነጩ። ሳሩን ከፍ አድርገው ሰዎቹ መሃል ገቡ። ሳር የያዘ ሽማግሌ አይመታም፤ ሳሩ ከመታየቱ በፊት ግን አንድ ዱላ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ተንገዳገዱ፤ አልወደቁም። ከዚያ ዱላው ሁሉ ቆመ።

ዱላው በደም የቀላው የገዛ ወንድማቸው ልጅ ነበር። «አባባ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሳዩን?»

«እኔ ነኝ» አሉ። «የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ግን እኔም የለሁበት፣ አንተም የለህበት።»

የተነሳ ዱላ ግን እንዲሁ ቤቱ አይገባም። ሚስቱና እኔ ሰውዬውን በሳንቃ ጭነን ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስድ ሰዉ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎረፈ። መስታወት ሲረግፍ ሰማሁ። ባለ ፎቶ ቤቱን በእግሩ ጎትተው አስፋልት ላይ አወጡት፤ ኮምፒውተሩን ጀርባው ላይ ከሰከሱት። የፊት ጥርሶቹን በጫማ አራገፏቸው። ፖሊሶቹ የደረሱት እሱ መጮህ ካቆመ በኋላ ነው። እሱም ተረፈ።

ሰውዬው ቀኝ ዓይኑን አጣ። በሬዎቹ አልተገኙም፤ ማን እንደሰረቃቸው ዛሬም አላውቅም።

ከዓመት በኋላ አምቦ አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ ያንን የተደበደበውን ሰውዬ ወረፋ ይዞ አገኘሁት። ሰላም ተባባልን። አጠገቡ የቆሙትም የእጃጂ ሰዎች ነበሩ። የእጃጂው ባለ ፎቶ ቤት ጥርስ አስተክሎ፣ ሌላ ኮምፒውተር ገዝቶ ከፍቷል አለኝ። ደንበኛ አጥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ምን ያጣል? ዕቃ የጠፋበት ሁሉ እሱ ጋ ነው። የሚነሳለት ነው ያጣው፤ እኛ ለመታወቂያ እዚህ ድረስ እንመጣለን። እዚያማ ተነሳህ ማለት ተመረጥክ ማለት አይደል?»

ተራው ደርሶ ፎቶ ተነሳ። ፎቶዎቹ ታትመው ሲሰጡት ኪሱ ከተታቸውና ከወንበሩ አልንቀሳቀስ አለ። ፎቶ አንሺዋ ሌላ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ አለችው።

«አጥፊልኝና ልሂድ» አላት።

ስቃ ጠቅ ጠቅ አደረገች። እሱ ፊቱ ከስክሪኑ ላይ እስኪጠፋ ድረስ በግራ ዓይኑ እያየ ጠበቀ።