ሞላ አጥሩ ላይ የሰቀለው አበባ

ባለፈው ሳምንት ልጃችን አስቴር ከቆቦ ገበያ መጣችና ሁለት ፌስታል ወጥ ቤት አስቀመጠች። አንዱ ሽንኩርት ነው። ሁለተኛውን ስከፍተው ቅጠል የሌለው፣ አፈር የቀባው ድቡልቡል ሥር አገኘሁ። «አበባ ነው እማዬ፣ ግቢ እንተክለዋለን» አለችኝ። ባለቤቴ ሞላ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ፌስታሉን ይዞ ወጣ። አጥር ሥር አኑሮት ተመለሰና እጁን በሳሙና ታጠበ። አስቴር ግራ ገብቷት አየችኝ፤ እኔን ግን ሳቄ መጣ።

ነገሩ የቆየ ነው። ያኔ ገና ሳላገባ ሮቢት፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ለሞላ ታጭቼ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል። በእኛ ዘንድ እጮኛ ከሠርጉ በፊት የአማቱን ደጅ አይረግጥም፤ መንገድ ላይ እንኳ ብትገጥመው ፊቱን ሸፍኖ ዞር ይላል። ሞላ ታዲያ ቆቦ ገበያ በሄደ ቁጥር በአጥራችን በኩል ያልፋል። መንገዱ በዚያ አልነበረም።

አንድ የሁዳዴ ጠዋት በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አጥሩ ላይ ሰቅሎ እብስ አለ። እናቴ ጀርባውን አይታዋለች። ቋጠሮውን ብትፈታው ሽንኩርት የመሰለ ነገር ነው። መጋቢት ነበር፤ ምድሩ ደርቆ፣ የማሽላው አገዳ እንኳ አልቆ፣ ከቤታችን ሽንኩርት ከጠፋ ሰንብቷል። «ጉድለታችንን ያወቀ ልጅ» ብላ መረቀችው። ያን ጊዜ ወንድ ለሴት አበባ ይሰጣል ብሎ ማን ያስባል?

ከትፋ ሽሮ ሠራችበት። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስምና ጨውን እንኳ የጣለችው በግምት ነው። እኔ ግን ምሳዬን በላሁ። መረረኝ፤ ምላሴንም ያዝ አደረገኝ። ሌላ ሰው ያመጣው ቢሆን እተወው ነበር፤ የሞላ ነውና ሳህኑን ጠርጌ በላሁ። ፍቅር እንዲህ ያጃጅላል።

ብዙም ሳይቆይ አፌን ምራቅ ሞላው፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ትውከቱና ተቅማጡ ተከታተለ። እጅ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ሳልዳር ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ። እናቴ የሰው ዐይን ነው እያለች ታለቅሳለች። ሞላ ከገበያ ሲመለስ ልቅሶዋን ሰምቶ አጥሩ ጋ ቆመ፤ ደጃፉ ላይ የወደቀውን ልጣጭ ሲያይ ግን ነውሩን ሁሉ ትቶ ገባ።

«እማማ፣ ሽንኩርት አይደለም» አላት እናቴን። «አበባ ነው። ትትከለው ብዬ ነው።»

የተረፈውን ሥር ኪሱ ከተተና እኔን አዝሎ አስፋልት ድረስ ሮጠ። አንድ የጭነት መኪና ቆቦ ክሊኒክ አደረሰን። የክሊኒኩ ድሬሰር ሥሩን እንዳየ፣ «ይዘኸው መምጣትህ ጠቀማት» አለው። ጉሉኮስ ሰካልኝና ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ይሄ የጅብ ሽንኩርት ነው። ብትቀቅይውም ብትጠብሽውም መርዙ አይለቅም» አላት። ሞላ አልጋዬ ግርጌ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆኜ አንጀቴን በላው።

ዳንኩና ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ዘመድ ተሰብስቦ እጮኝነቱ ይፍረስ ሲል እናቴ ናት ነገሩን የዘጋችው። «ሊገድላት የፈለገ ሰው በእኔ ደጅ ገብቶ አዝሎ አይሮጥም» አለች።

አስቴር አበባዋን አጥሩ ሥር ተክላዋለች፤ ከወጥ ቤቱ ራቅ አድርጋ። ዝናብ ሲነካው ቀይ ሆኖ ይፈካል። ያኔ እኔም ከሩቅ ሆኜ በደስታ አየዋለሁ።

ሞላ እስከ ዛሬ ወጥ ሲቀርብ ማንም ሳይቆርስ ቀድሞ ይጎርሳል። እንግዶች ስግብግብ ነው ብለው ያሙታል፤ ልጆቹም ያፍሩበታል። እሱ አላምጦ ይውጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ያደርጋል። ያኔ ነው እኔ እጄን የምሰድደው።