የወሎ ሰፈሩ ሪጎሬ

የዳኛ ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ጓደኞቼ ኳስ እያዩ ቡድን በሜዳው ለምን እንደሚቀናው ሲከራከሩ አንዱ ደጋፊው ነው ይላል፣ ሌላው የጉዞ ድካም ነው ይላል። እኔ መልሱን የማውቀው በራሴ እግር ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነበር። ሜዳችን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ዝናብ ሲነካው የተቃጠለ ዘይት የሚሸት አቧራ ነበር። ኳሱ የት ጋ እንደሚነጥር ዓይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን። ኋላ ቤተሰቤ ሲኤምሲ ገባ። የአዲሱ ሰፈር ልጆች ቶሎ አላስጠጉኝም። ስለዚህ ከወሎ ሰፈር ጋር ግጥሚያ ሲያዝ «ሜዳው የኔ ነው፣ ለኔ ተዉት» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ያን ቀን ካሸነፍን ከሲኤምሲ ልጆች እንደ አንዱ እቆጠር ነበር።

በሰፈር ጨዋታ ዳኛው ከባለሜዳው ወገን ነው። ያጫወቱን ጋሽ ታደሰ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀቡ የድሮ ጎረቤታችን ነበሩ። እንደሚያደሉ አልተጠራጠርንም። ጨዋታው ያለ ግብ ሊያልቅ ሲል ግን የወሎ ሰፈሩ ተከላካይ ጎል አፍ ላይ ኳሱን በእጁ መለሰ። ጋሽ ታደሰ ፊሽካቸውን ነፉና ሪጎሬ ሰጡን። ሰፈሩ በሙሉ ጮኸባቸው። «ነገ ከኛ ጋር አይደል የምትውለው?» ያሏቸው እኩዮቻቸውም ነበሩ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

መቺው እኔ ነኝ። ኳሱን አስተካክዬ ቀና ስል ከጎሉ ጀርባ እትዬ ዘነበች ቆመዋል። እናቴ ሥራ ስትውል ምሳዬን ያበሉኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እንደ ሌላው አልጮሁም።

«ማሙሽዬ፣ በኛ ላይ?» አሉ ብቻ፣ በቤት ስሜ።

ይሉኝታ እግሬን ያዘው። ኳሱን ለበረኛው እንደማቀብል ገፋ አደረግኩት። ሁሉም አየ። የወሎ ሰፈር ልጆች እየዘለሉ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፤ የሲኤምሲዎቹ ቆመው ያዩኛል። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን እዚያ ላይ ሆኜ ደስ መሰኘቴ ነው። ስወርድ ጋሽ ታደሰ ፊሽካቸውን ኪሳቸው እየከተቱ ጠጋ አሉ።

«እኔ እዚሁ እየኖርኩ ነፋሁት። አንተ ምን ሆንክ?»

ወደ ሲኤምሲ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም።

አሁን ሜዳው ላይ ሆቴል ቆሟል። ልጄ የሚጫወተው ለሚ ኩራ፣ በሰዓት በሚከራይ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው። ባለሜዳም እንግዳም የለም፤ ዳር የቆመው ሁሉ ስልኩን ነው የሚያየው። እነ እትዬ ዘነበች የሌሉበት ሜዳ እንዴት ጭር እንደሚል ለልጄ ማስረዳት አልችልም። ባለፈው ቅዳሜ ሪጎሬ ሊመታ ቆሞ ዞር አለና ፈለገኝ። እዚያ ካለው ሰው በቤት ስሙ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። ልጠራው አፌን ከፈትኩና፣ እትዬ ዘነበች ትዝ ሲሉኝ መልሼ ዘጋሁት።