ተጠባባቂ አንደኛ

ቤተሰቡ «ጥድፊያ» ነበር የሚላት። ትክክለኛ ስሟ የሚነሳው ፎርም ስትሞላ ብቻ ነው፤ ፎርም ደግሞ ከማንም በላይ ሞልታለች። በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ለመንግሥት ሥራ አመልክታለች፤ ለጽሕፈት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለፖስታ ክፍል፣ አንዴ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ራሱ መሥሪያ ቤቱም በቅጡ ለማያውቀው «የድጋፍ ሰጪ ረዳት» ለሚባል ቦታ። ለአንዱ ማመልከቻ ሩብ ሰዓት ዘግይታ ደርሳ መስኮቱ ፊቷ ላይ ተዘጋ። ለሌላው ደግሞ ከሁሉ ቀድማ ከች ብላ፣ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ቤት ረስታው ኖሮ ባዶ እጇን ተመለሰች። አንድ ጊዜም ለሁለት ሰው ቦታ ሺህ ምናምን ሰው ተመዝግቦ ፈተናው በስፖርት ሜዳ ተሰጠ፤ ነፋስ የመልስ ወረቀቷን ይዞባት ሄዶ እሱን ስታባርር ሰዓቱ አለቀ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» ይላታል የእህቷ ባል፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ። «አንቺ ግን ስትለቅሚም ትቸኩያለሽ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የምታድረው በታላቅ እህቷ ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በመጋረጃ በተከለለች ጥግ ነው። የምትውለው ፎቶ ኮፒ ቤት። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ዲፕሎማ፣ የሰው የልደት ወረቀት ቀኑን ሙሉ ታባዛለች። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እንኳ ቁጭ በይ ቢሏት አትቀመጥም፤ ወረቀት ትደረድራለች፣ ስቴፕለር ትሞላለች፣ ከበሩ ወጣ ብላ መንገዱን አይታ ትመለሳለች። የሱቁ ባለቤት፣ አንዲት ወፈር ያሉ ሴት፣ «እንዲያው አንቺን ሳይ እኔን ይደክመኛል» ይሏታል።

አሥራ አምስተኛው ማመልከቻ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ለሚያዝበት መሥሪያ ቤት ነበር። «የመዝገብና ፋይል ሠራተኛ፤ ብዛት አንድ፤ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት» ይላል ማስታወቂያው። ጥድፊያ በወጣ በሰዓቱ ተመዘገበች።

በፈተናው ቀን ኮሪደር ላይ ተራ ስትጠብቅ አጠገቧ የቆመችው ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች። ጥድፊያ ዝም ማለት ስለማትችል ወሬ ጀመረች።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልብስ እተኩሳለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ላውንደሪ። ስድስት ቀን ሙሉ ካውያ ይዤ ነው የምውለው። አንቺስ?»

«ፎቶ ኮፒ።»

«ሁለታችንም ተጠብሰን ነው የምንኖረው በይኛ!» አለች ባለመነጽሯ፤ ተሳሳቁ። ስማቸው ሲጠራ ተከታትለው ገቡ። ፈታኙ፣ «ለተመረጡት በስልክ እንደውላለን፤ በየቀኑ እየመጣችሁ በር እንዳታንኳኩ» ብሎ አስጠነቀቀና ወረቀቱን አደለ።

ከጥያቄዎቹ ዋነኛው አርባ ስሞችን በፊደል ተራ ማሰለፍ ነበር። ጥድፊያ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድማ ጨረሰች፤ ደግሞ ማየት ግን ሞት መሰላት። ወረቀቱን አስረክባ ደረጃውን እኩል ስትወርድ ትዝ አላት፤ በንጉሡ «ሠ» የሚጀምሩትን ሁለት ስሞች ወስዳ ከእሳቱ «ሰ» ጋር አጉራቸዋለች። ባለችበት ቆማ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ባለመነጽሯ ግን እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ቁጭ ብላ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ውጤቱ በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የባለመነጽሯ ስም ከላይ፦ ሰማንያ አንድ ተኩል፣ «ተመራጭ»። ከሥሯ ጥድፊያ፦ ሰማንያ፣ «ተጠባባቂ አንደኛ»። ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ተመራጯ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ማስረጃዋን ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚያልፍ ተጽፏል።

ተጠባባቂ መሆን ከመውደቅ ይብሳል። የወደቀ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል፤ ተጠባባቂ ግን አንድ እግሩ ከበሩ ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ነው። ጥድፊያ በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ እየሮጠች ሰሌዳውን ታያለች፤ ወረቀቱ የተለወጠ ይመስል። በአምስተኛው ቀን፣ አርብ፣ አላስችል ብሏት የሰው ኃይል ክፍሉን ጸሐፊ ጠየቀች። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ማህተማቸውን በመሃረብ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው።

«ደወልንላት እኮ» አሏት። «አንድ ሰውዬ አንስቶ ‹እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ፎርሙ ላይ አንድ ይሁን ሰባት የማይለይ ቁጥር ነው የጻፈችው። እኛ ለጥፈናል፤ ማየት የእሷ ፋንታ ነው።»

«ካልመጣችስ፣ ጋሼ?»

«እስከሚቀጥለው አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካልመጣች፣ ሰኞ ጠዋት ማስረጃሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። ቦታው ያንቺ ነው።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልዋጥ አላት። እህቷ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ወሬውን ሰምታ ለቢሮ የሚሆን ጫማ ከማን እንደሚዋሱ ሁሉ አስባ ጨርሳለች። ማክሰኞ ማታ ራት ላይ ጥድፊያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ የት እንደምትሠራ አውቃለሁ እኮ።»

«ማን?»

«ተመራጯ።»

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። «ደበቅሻት? አልደበቅሻትም። ሰረቅሽባት? አልሰረቅሽባትም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንቺ ስትንከራተቺ ማን መጥቶ ‹እዚህ ጋ ተለጥፎልሻል› አለሽ? ዝም በይ በቃ! ሦስት ቀን ዝም ማለት ያቅትሻል?»

«ዝምታ ለሌላ ሰው ነው የሚሆነው» አለ ሹፌሩ፣ አፉ ውስጥ ያለውን እያኘከ። «እሷ አፏን ብትዘጋ እግሯ ይናገራል።»

«አንተ ደግሞ ነገር አታባብስ!» አለችው ሚስቱ።

እውነትም ሐሙስ በምሳ ሰዓት እግሯ ወደ መናኸሪያው ወሰዳት። «አይቻት ብቻ እመለሳለሁ» አለች ለራሷ። ላውንደሪው ሁለት ሰው የማያስተላልፍ ጠባብ ቤት ነው፤ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ኮቶችና ቀሚሶች ራስ ይነካሉ። ባለመነጽሯ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ነጭ ሸሚዝ ትተኩሳለች። እንፋሎቱ መነጽሯን ሸፍኖት ሰው መግባቱን እንጂ ማን መሆኑን አላየችም።

«ልብስ ለማስተኮስ ነው?»

ጥድፊያ የለበሰችውን ሹራብ ከላይዋ አውልቃ ዘረጋችላት። «አዎ፤ ይሄን።»

ልጅቷ መነጽሯን በሽርጧ ጠርጋ አደረገችና ፊቷ በራ። «እንዴ፣ አንቺ ነሽ! ሹራብ ደግሞ ያስተኩሳሉ? ቆይ፣ ውጤቱ ወጣ እንዴ? እንደውላለን ብለው የለ፤ እኔ እንደሆነ ስልኬን ከእጄ አልለየሁትም።»

«እኔም አልሰማሁም» አለች ጥድፊያ። ቃሉ ከአፏ ያመለጠው ሳታስበው ነበር፤ ካመለጠ በኋላ ግን መልሳ አልዋጠችውም።

ባለመነጽሯ ሹራቡ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ፣ ቀስ ብላ ተኩሳ፣ እጅጌውን እንደ ሕፃን ክንድ አጥፋ ሰጠቻት። ልትከፍላት ብትል፣ «የፈተና ጓደኛ አይከፍልም፤ ሂጂ» አለቻት።

ጥድፊያ ሹራቡን መልበስ አቃታት። ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ሙቀቱ ሳይበርድ ሦስት መንገድ ተሻገረች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም ነበር።

አርብ ዕለት ሁለት ቅጂ የተባለችውን ዲፕሎማ ሃያ አድርጋ አወጣች። ከዚያ የአንዱን ደንበኛ ወረቀት ለሌላው ሰጠች። «ልጄ፣ ልብሽ እዚህ የለም» አሏት የሱቁ ባለቤት። «ያለበት ሂጂና አምጪው።» ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነበር። ጥድፊያ ወጥታ ሮጠች።

ላውንደሪው በር ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አልመለስ አለ። «ውጤቱ ወጥቷል። አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ስልክሽን ሲደውሉ የሌላ ሰው ሆነባቸው። ዛሬ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ያልፍብሻል፤ ነይ ተነሽ!»

ባለመነጽሯ ካውያውን አቆመችው። «ሁለተኛ ማን ነው?»

«እኔ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን» ብትል ማንም አይደርስባትም ነበር። «የተለጠፈ ዕለት» አለች።

«ትናንት ሹራብሽን ስተኩስልሽ ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር።»

ልጅቷ የካውያውን ገመድ ነቀለች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ለአሠሪዋ «መጣሁ» ብላ ወጣች። ማስረጃዎቿ ያሉት ቤቷ ነው፤ ቤቷ ደግሞ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ፤ ባለመነጽሯ በመስኮት እያየች፣ ጥድፊያ በየፌርማታው ብድግ እያለች። ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋ። ከፊት ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ሹፌሮቹ መሃል መንገድ ላይ ይሰዳደባሉ። «እንውረድ» አለች ጥድፊያ። ፋይሉን ከልጅቷ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጥፋ ሰዉን በክንዷ እየከፈለች ከፊት ሮጠች፤ ባለመነጽሯ ከኋላ፣ መነጽሯን በአንድ እጇ ይዛ።

ለአሥራ አንድ ተኩል አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ጸሐፊው መሃረባቸውን ዘርግተው ማህተሙን ሊጠቀልሉ ነበር።

«ሁለታችሁም? የትኛችሁ ናት ተመራጯ?»

«እሷ ናት» አለች ጥድፊያ።

«አንቺስ ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«መንገድ ላሳያት።»

ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። መዝገቡን ገልጠው ባለመነጽሯን አስፈረሙ።

ውጭ በሩ ላይ ባለመነጽሯ ቆም አለች። «አላመሰግንሽም» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ዛሬ አልችልም።»

«አታመስግኚኝ» አለች ጥድፊያ፤ ተለያዩ።

እህቷ ስትሰማ፣ «በይ እንግዲህ ጽድቅሽን ቀቅለሽ ብዪ!» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈቻት። ሰው ደግ ሲሠራ ልቡ ያርፋል ይባላል፤ የጥድፊያ ልብ ግን አላረፈም። አንዴ በዋሸችው ታፍራለች፣ አንዴ እውነቱን በመናገሯ ይቆጫታል፤ አንዳንድ ቀን ሁለቱም ባንድነት ይመጡባታል። እሁድ ዕለት የቤቱን ደረጃ ለሦስተኛ ጊዜ ስትፈገፍግ እህቷ አግኝታት አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ ብሆን አልነግራትም ነበር» አለች።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ውሸቱን ግን አልዋሽም ነበር። በሯ ድረስ ሄጄ ምን አስዋሸኝ?»

እህቷ መወልወያውን ከእጇ ወስዳ የቀሩትን ሁለት ደረጃዎች ጨረሰችላት።

የተጠባባቂ ስም ዝርዝር ስድስት ወር ነበር የሚያገለግለው። በአምስተኛው ወር ከከተማው ዳርቻ ካለው ቅርንጫፍ አንድ ሠራተኛ ተዛወረና ለጥድፊያ ተደወለላት። ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዳ ስትፈርም ፎርሙን ያቀበለቻት ባለመነጽሯ ነበረች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ፋይሎቹ እንደ ተተኮሰ ልብስ ተደርድረዋል። «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለቻት። «ስልክሽን ደግሞ በደንብ ጻፊ።» ፈገግ ማለቷ ይሁን አለመሆኑን ጥድፊያ አልለየችም። ጓደኛሞች አልሆኑም፤ ሲገናኙ ግን ሰላም ይባባላሉ።

ቅርንጫፉ ሁለት መስኮት ያላት፣ ግድግዳዋ እርጥበት የሚያስገባ ጠባብ ቢሮ ናት። የጥድፊያ የሙከራ ጊዜም ስድስት ወር ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መጀመሪያ የቀረበው መንታ ሴት ልጆች ሊያስመዘግብ የመጣ አናጢ ነበር። የመጀመሪያዋን ስም በኩራት ተናገረ። የሁለተኛዋ ሲደርስ ራሱን አከከ።

«ምነው?» አለችው።

«አንድ ነበር የጠበቅነው፤ ለእሷ ገና አልተስማማንም። እናቷ አንድ ትላለች፣ እናቴ ሌላ ትላለች፣ እኔ መሃል ላይ ቆሜ አለሁ። እባክሽ እህቴ፣ አንቺው አንድ በያት።»

«ኧረ እኔ የለሁበትም!» አለች ጥድፊያ። «አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ለባለቤትዎ ይደውሉ።»

አናጢው ስልኩን አውጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ሰልፉ በሩን አልፎ ግቢው ድረስ ወጥቷል። ጥድፊያ እስክሪብቶዋን አነሳችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።