ባሌ የመረጠልኝ ሱቅ

ባሌ ሶማሌ ተራ ውስጥ ተቀጥሮ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ነው የኖረው። ልቡ መታመሙን ሐኪም ሲነግረው ሥራውን ተወና አንድ ቀን ጠዋት፣ "ከባድ ዕቃ እንዳላነሳ ተከልክያለሁ። ከእንግዲህ የራሳችንን ንግድ እንፈልግ፤ አንቺም አብረሽኝ ትዞሪያለሽ" አለኝ። እኔ ከልጆቼና ከጓዳዬ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ቢሆንም ደስ አለኝ። ከታመመ ወዲህ ስለ ነገ ሲያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነበር።

ዓይኑ የነጋዴ ነው። ሲኒማ ራስ አካባቢ ካንድ ጫማ ቤት ፊት ለፊት፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው አቁሞኝ፣ "የሚገባውን ሰው አትይ። መርካቶ ሁሉም ይገባል፣ ዋጋ ጠይቆ ይወጣል። ፌስታል ይዞ የሚወጣውን እይ" ይለኛል። እንቆማለን። ፊቱ ሲገረጣ ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ልይዘው እጄን ስዘረጋ ይቆጣል።

ያየነውን ሁሉ ግን ሰበብ እየፈለገ ይጥለዋል። ጫማው ፋሽኑ ካለፈ የሚያነሳው የለም። የፕላስቲክ ዕቃ ደህና ይሸጣል፤ "ግን መጫን ማውረድ አለው፣ አንቺ አትችዪውም" አለ። አንዱ ቤት ደግሞ ባለሱቁን አስፈቅዶ የብረት መዝጊያውን እኔን አስጎተተኝ። በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ብታገለው አልወርድ አለ።

"ይሄም አይሆንም" አለ።

"ሰው አይጠፋም፤ ማንም ያወርድልናል" አልኩት፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ አፍሬ።

"በየማታው ሰው ስትለምኚ ልትኖሪ ነው?"

"ልንኖር ነው" አላለም። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ አልያዘውም።

በመጨረሻ ልቡ ያረፈበት ቤት ተገኘ፤ ካንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ያለች፣ የሕፃናት ልብስ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ። ልብሱ ቀላል፣ መዝጊያው ቀላል፣ ደንበኛው ሴት። "ሰው መውለድ አይተውም" አለ እየሳቀ። ተከራይዋ ልትለቅ ነው ተባለ። ለምን እንደምትለቅ ግን ማንም አላነሳልንም። ይሄ ሲከነክነኝ አድሮ በማግስቱ ለብቻዬ ሄድኩ።

ከጎኗ ክርና መርፌ የሚሸጡ አዛውንት ነበሩ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ለምንድነው የምትለቀው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

አተኩረው አዩኝ። "የዚያ የታመመው ሰውዬ ሚስት ነሽ?"

"አዎ።"

"ሕንፃው ይፈርሳል እየተባለ ነው፣ ልጄ። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እሷ ፈርታ ነው የምትወጣው።"

"ታዲያ ለባሌ ለምን አልነገሩትም?"

የክሩን ጥቅል ወዲያና ወዲህ አደረጉት። "ልነግረው ነበር። እሱ ቀደመኝና፣ 'እኔ ብዙ አልቆይም ብለውኛል፤ ሚስቴ እዚህ ብቻዋን ስትሆን እንደ አባት ይዩልኝ' ብሎ እጄን ያዘኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልንገረው?"

እዚያው የሕንፃው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ለእኔ ሕመሙ በመድኃኒት የሚታገስ ነው ብሎኝ ነበር። ተሸካሚዎች "ዞር በይ!" እያሉ ጭነታቸውን በራሴ ላይ ያሳልፋሉ።

ቤት ስገባ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር።

"ሱቁን ለካ ለእኔ ኖሯል የምትፈልገው" አልኩት።

"ብነግርሽ ኖሮ እያለቀስሽ የትኛውን ሱቅ ታዪ ነበር?" አለኝ።

ተናደድኩበት። ሞቱን ደብቆኝ በየሱቁ ዋጋ ያስጠይቀኛል! ጮህኩበት፤ ልጆቹም ሰሙ። የሕንፃውን ነገር ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የሰበረው ያ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ፈላጊዋ እኔ ሆንኩ። በርበሬ በረንዳን መረጥኩ፤ በርበሬና ቅመም ያለቀባት ሴት ተመልሳ ትመጣለች፣ በትንሽ በትንሹም ይጀመራል። እሱ አልወደደውም። አብሮኝ ሲመጣ ብናኙ ደረቱን ስለሚይዘው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በስልክ ይጠይቀኛል። "አጠገብሽ ያሉት ሴቶች ብዙ ቆይተዋል? ያስላቸዋል ወይ?" ያስላቸዋል። አንዷንማ ስጠይቃት፣ "ሳሉ ከበርበሬው ጋር የሚሰጥ ምርቃት ነው" ብላኛለች። ለእሱ ግን ደህና ናቸው አልኩት።

ቦታውን ሳልይዝ፣ ክረምቱ መሀል ላይ ሞተ። ለቀስተኛው ከቤት ሳይወጣ ስለ ቦታው ስልክ አነጋገርኩ፤ ያ ቦታ ካመለጠኝ ሌላ እንደማላገኝ አውቅ ነበር። የእሱ ዘመዶች ይህን እስካሁን ይቅር አላሉኝም።

ይፈርሳል የተባለው ሕንፃም አልፈረሰም። ያቺን ሱቅ ሌላ ሴት ይዛታለች፤ ደንበኛም አላት። ትክክል የነበረው እሱ ይሁን እኔ፣ ዛሬም አላውቅም።

የእኔ ንግድ አልሞተም፤ አላደገምም። በርበሬ ሲወደድ ገዢው ይሸሻል፣ ሲረክስ የያዝኩት ያከስረኛል። ማታ እጄን ዘይት ቀብቼ በሳሙና ብታጠብም ማቃጠሉ አይለቅም። የትንሹን ልጄን ፊት የምታጥበው ታላቅ እህቱ ናት።