ወደ ውሃው ነው የላክኋት

ሐያት ባይኖኩላሩን፣ የሩቅ ማያ መነፅሩን፣ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከክፍሏ ስትወጣ ሻዩ እጄ ላይ ተደፋ። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤቷ የወፍ ክለብ ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ቼሳፒክ ውሃው ዳር ሊሄድ ነው አለችኝ፤ በዚህ ብርድ።

«አትሄጂም።»

«ማሚ፣ ወፍ ማየት እኮ ነው! ሪላክስ!»

«እኔ ወፉን መቼ ፈራሁ?»

«ሶ ምኑን ነው?»

እጄን በፎጣ ጠረግኩ። አማርኛዬ ለእሷ ይከብዳታል፣ እንግሊዝኛዋ ለእኔ ይፈጥንብኛል። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ነገር ስጀምር መሐሉ ላይ ይጠፋብኛል። በጽሑፍ ልሞክረው።

ከወሎ ወደዚህ አገር በመጣሁ በዓመቱ፣ ሃያ ሳይሞላኝ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ሚስ ዶሪስ ትባላለች። ትልቅ ሰው አንቱ ማለት አውቃለሁ፤ ለእሷ ግን እስከ ዛሬ ከአፌ አይወጣልኝም። ሾርባው ቀዘቀዘ ትላለች፤ አሙቄ ሳመጣ አቃጠልሽኝ ትላለች። ከሰው ሁሉ ተጣልታ የቀራት ወፍ ብቻ ነበር። በብርድ ጊዜ ከሰሜን የሚመጡትን የባሕር ዳክዬዎች ለማየት ነፍሷ ትወጣለች፤ ጉልበቷ ግን አይሸከማትም። ስለዚህ እኔ መኪናዋን ወደዚሁ ቼሳፒክ እነዳለሁ፣ እሷ ማሞቂያውን ከፍታ ትቀመጣለች፣ እኔ ውሃው ዳር ወርጄ ያየሁትን መጥቼ እነግራታለሁ። ስማቸውን ስለማላውቅ እንደ አገሬ ከብት በመልካቸው ነበር የምይዛቸው። ይሄ ቦራ፣ ያ አመድማው ዳለቻ እያልኩ። ቦራው ግንባሩ ነጭ መሆኑን ለመንገር ግንባሬን በጣቴ ነክቼ «ኋይት፣ ኋይት» እላታለሁ።

ነገሩ የደረሰብኝ ቀን የፈለገችው አንድ ዳክዬ ነበር፤ ጅራቱ እንደ መርፌ ቀጥኖ የረዘመ። «ሳላየው ልሞት ነው» አለችኝ፣ እኔ እንደደበቅኩባት ሁሉ።

ወረድኩ። ጭቃው ድርቅ ብሎ ከጫማዬ ሥር ይሰባበራል። ነፋሱ የጨውና የበሰበሰ ሣር ሽታ ያመጣል። ኪሴ ውስጥ ቆሎ ነበረኝ፤ ጣቴ ደንዝዞ ዘግኜ ማውጣት አቃተኝ። ዳክዬውን ግን አየሁት። ጠለቀ፣ ወጣ፣ ጅራቱን ቀና አደረገ። በሚስ ዶሪስ ባይኖኩላር ስከተለው ስከተለው፣ ድንገት በመነፅሩ ውስጥ የቤት መስኮት ገባ፤ መስኮቱ ላይ ኩባያ የያዘ ሰውዬ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

በኛ አገር ዓይን ለዓይን ከተያዩ በኋላ ሰላም ሳይሉ ፊት ማዞር የሌባ ነው። ባይኖኩላሩን አውርጄ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩለት። ንቅንቅ አላለም። አላየኝም ይሆናል ብዬ ሣሩን አቋርጬ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ሰላም ልለው።

በሩን በርግዶ «ከግቢዬ ውጪ!» አለኝ። «ምን እየሰለልሽ ነው? ማን ላከሽ?»

«ወፍ» አልኩት። ሌላ ቃል ጠፋኝ። «ወፍ።»

«ሻሽሽን ጠምጥመሽ ወፍ!» ብሎ ሳቀ። ውሻው ከኋላው ይጮኻል። እዚያው እንድቆም በጣቱ እያዘዘኝ ፖሊስ ጠራ።

ፖሊሱ መጥቶ ባይኖኩላሩን ከአንገቴ አወለቀው። «እዚያ መኪና ውስጥ ያለችው ሴትዮ ታውቀኛለች፣ ጠይቃት» አልኩት። ይዞኝ ሄደ። ሚስ ዶሪስ መስኮቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረገች። የፈለግኩት አንድ ቃል ነበር። ከእኔ ጋር ናት ትበል። ሌላ ምንም።

«ወደ ውሃው ነው የላክኋት» አለች። «ወደ ቤቱ አልላክኋትም። እዚያ ምን እንደምትሠራ አላውቅም።»

መስኮቱን ዘጋች፤ ሙቀቱ እንዳይወጣባት።

ወላሂ፣ አልዋሸችም። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ፖሊሱ መታወቂያዬን ይዞ በሬዲዮ ሲጠይቅ መንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝ፤ ብርዱ በቀሚሴ ዘልቆ አጥንቴ ገባ። ውሻ የሚያንሸራሽሩት ቆም እያሉ ያዩኛል። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ከኩባያው ይጠጣል። በመጨረሻ ፖሊሱ «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ» ብሎ ለቀቀኝ።

ስንመለስም የምነዳው እኔው ነበርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሚስ ዶሪስ «እና፣ ረጅም ጅራቱን አየሽው?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

ያንን ለእሷ አልሰጥም። በሳምንቱ ሥራውን ጥዬ ወጣሁ። ዛሬም አይቆጨኝም።

ትናንት ለአለቃዬ ቅዳሜ ሥራ አልገባም አልኳት። ለሐያትም «እኔ ነኝ የምነዳሽ» አልኳት።

«ማሚ፣ ኖ! ሁሉም ሰው ያያል!»

«ይይ!»

አኮረፈችኝ፤ ታኩርፍ። ያንን ውሃ ዛሬም እጠላዋለሁ፤ ዳሩን፣ ቤቶቹን፣ ነፋሱን ሁሉ። ግን መኪና ውስጥ አልቀመጥም። አንዱ ከቤቱ ወጥቶ ይቺ የማን ናት ቢል፣ «የኔ ናት» የምለውን፣ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ወጥ ቤት ቆሜ እየተለማመድኩት ነው።