ደብዛዛዋ ማነጻጸሪያ

ትናንት በጌዶው ትምህርት ቤታችን አሮጌውን ፕሮጀክተር ሲያበሩት የተቃጠለ አቧራ ሸተተኝ። ሽታው አምቦ ወሰደኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ወደተማርኩበት፣ መጋረጃው ሁልጊዜ ወደሚጋረድበት ክፍል።

ያኔ አርባን ተሻግሬ ነበር። ትልቋ ተማሪ እኔ ስለሆንኩ በኦሮምኛ «አዴ»፣ እማማ እንደማለት፣ ይሉኝ ነበር፤ አክብሮቱ ከፌዙ አይለይም። አጠገቤ የሚቀመጠው ከባኮ መጥቶ አብሮን የሚማር አንድ መምህር ብቻ ነበር።

አማካሪያችን ለሁለታችን አንድ ሥራ ሰጠን፤ ተራርቀው የተተከሉ የሬዲዮ አንቴናዎች በቀዱት መረጃ የአንድ ጋላክሲ ድምቀት እንድንለካ። ሥራው የተወደደለት ለዶክትሬት ውጭ አገር ይላካል ተባለ።

ጋላክሲው የሚለካው ድምቀቷ አስቀድሞ ከታወቀ ሌላ የሰማይ አካል ጋር እየተነጻጸረ ነው። የእኛ ማነጻጸሪያ ደብዛዛ ነበረች። እንድትጎላ ተብሎ የረጅም ጊዜ ምልክቷ በአንድ ላይ ሲደመር፣ አየሩ ያዛባቸው ሞገዶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ጭራሽ ትደበዝዛለች። ከዚያ እሷን ወደ ትክክለኛ መጠኗ ለማድረስ ልኬቱ ሁሉ ሲባዛ ጋላክሲውም አብሮ ያብጣል።

የባኮው መምህር በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ይመራ ስለነበር በሚያውቀው ነገር አስረዳሁት።

«መዘምራኑ ሁሉ በየራሳቸው ጊዜ ቢያጨበጭቡስ?»

«ጭብጨባው ይሞታላ፣ አዴ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው በነገርኩት መላ፣ ከማነጻጸሪያዋ ጎን ባለች ደማቅ አካል እየተመራ መዛባቱን አርሞ እንደገና ሠራው። ጋላክሲው ዓምና ሌሎች ከለኩት ድምቀት ጋር እኩል ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ያቀረበው ግን የመጀመሪያውን፣ ያበጠውን ውጤት ነበር።

«እጥፍ ደምቋል!» አለ አማካሪያችን።

እጄን አነሳሁ። «ጋላክሲው አልደመቀም፤ ማነጻጸሪያዋን ነው ያደበዘዝናት።»

«አዴ፣ አንቺ ደግሞ ሰማይ ሲደምቅ ምን ያስከፋሻል?» አለ አማካሪያችን፤ ክፍሉ ሳቀ።

«እሱን ጠይቁት፤ ያውቃል» አልኩ ወደ ባኮው መምህር እያመለከትኩ።

የፕሮጀክተሩ ብርሃን ግንባሩ ላይ አርፎ ነበር። ገመዱን እየነቀለ «እኔ ያገኘሁት ይኸው ነው» አለ።

ውጭ ጠበቀኝ። «ዱጋ ኬቲ፣ አዴ። እውነትሽን ነው።»

«እዚያ ውስጥ በላቸው።»

«ባኮ እንድቀር ነው?»

እሱ ተላከ፤ እኔ ወደ ጌዶ ተመለስኩ። ስሌቱን ኋላ ራሱ እንዳረመው ሰማሁ፤ መላው የማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ይቅር አላልኩትም፤ አልልምም። ግን ያን ነገር ሳስረዳ ፊቱ የበራ ሰው እሱ ብቻ ነበር። አሁንም ብቻዬን ተቀምጬ አንድ ነገር ሲገባኝ፣ በልቤ «ስማ እንጂ» ብዬ የምጀምረው ለእሱ ነው።