ጋሽ ቁልፌና ሠላሳው ቅጽ

ጋሽ ቁልፌ ቁልፍ ቀራጭ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ባለቤታቸውና መታወቂያቸው ብቻ ነው። የሳቸውን ሱቅና የኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነበር። እኔ የቦርሳና የጃኬት ዚፕ እጠግናለሁ። እሳቸው ያስነጥሳሉ፣ እኔ በቆርቆሮው «ይማርዎ» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። ስለ ሰው መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ስለሳቸው ካልጻፍኩ ስለማን ልጽፍ ነው።

ረጅም ናቸው። በጣም ረጅም። ሱቃቸው ቁም ሳጥን የምታክል ስለሆነች እንደ ጃንጥላ ታጥፈው ነው የሚገቡት። ፊት ለፊት መቅረጫ ማሽናቸው አለ፤ ከጀርባቸው ደግሞ መቶ ምናምን ቁልፍ የተንጠለጠለበት ሰሌዳ። የሠፈሩ ሰው ትርፍ ቁልፉን የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው መጥቶ «የኔን» ይላል፤ እሳቸው ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደድ አድርገው ያነሡለታል። ስም የለበትም፣ የቤት ቁጥር የለበትም፣ ምልክት እንኳ የለበትም።

ለምን እንደማይጽፉበት አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ስም የተጻፈበት ቁልፍ ለሌባ የተጻፈ ደብዳቤ ነው» አሉኝ።

የዛሬ ዓመት ገደማ ነው ሬዲዮው አዲስ ወሬ ይዞ የመጣው። አዲስ መታወቂያ ሊወጣ ነው፤ ሃይማኖት የሚጻፍበት መስመር ይኑረው አይኑረው ይከራከራሉ። ሌላም አለ፦ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ፣ «አናሳ» የሚሏቸው ሃይማኖቶች ተከታዮች ከነአድራሻቸውና ከነሥራቸው ለብቻ ይመዝገቡ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳብ ነው እንጂ ሕግ አልሆነም። ሠፈራችን ግን ሐሳብና ሕግ መለየት አይወድም።

«ምን አለበት?» አለች ከመንገዱ ማዶ ሳሙናና ስኳር የምትሸጠው ባለሱቋ። «የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«አንቺን ማን ይመዘግብሻል?» አላት ዳቦ ጋጋሪው። «አንቺ እንደሆንሽ ከብዙዎቹ ነሽ።»

«እህ! ብዙ መሆኔም ጥፋት ሆነ?»

ጋሽ ቁልፌ ሞረዳቸውን ይገፋሉ።

እሳቸው ከትንሾቹ መሆናቸውን እኔ አውቅ ነበር። ቀትር ላይ ማሽኑን አጥፍተው ቀስ ብለው የሚሉት ጸሎት በቆርቆሮው ያልፋል። ቃሉ ከኛ ጸሎት ጋር አይገጥምም፤ ቀስ ማለቱ ግን ያው ነው። ሰማሁዎት ብያቸው አላውቅም። እሳቸው ሲጀምሩ እኔም የስፌት መኪናዬን ማቆም ለመድኩ፣ በቃ።

አሁን ወደ ሊቀመንበሩ ልምጣ። የሠፈር ኮሚቴ ሊቀመንበራችን የታዘዘውን ሥራ በአንድ ቀን ቀድሞ፣ ያልታዘዘውን ደግሞ በሁለት ቀን ቀድሞ የሚሠራ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሠላሳ ቅጽ በብብቱ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና። በር ተቆለፈብህ?»

«አይ፣ ሌላ ነው። እርስዎ እኮ በዚህ ሠፈር ያልገቡበት ቤት የለም።»

«ተጠርቼ ነው።»

«እሱማ! ለዚህ ነው የመጣሁት። ሕጉ ዛሬ ነገ መውጣቱ አይቀርም። ቀድመን አዘጋጅተን ብንጠብቃቸው ሠፈራችን አንደኛ ይወጣል። እርስዎ ደግሞ የማን ግድግዳ ላይ ምን እንደተሰቀለ ያያሉ። ከነዚያ የሆኑትን ሰዎች ስምና ቤት ቁጥር ብቻ ይሙሉልኝ።»

ማሽኑ ቆመ።

«ራሳቸውን ለምን አትጠይቃቸውም?»

«እንዴት ብዬ ጋሼ! ያሳፍራል እኮ።»

«እኔን ስትጠይቅስ?»

«እርስዎማ የኛው ነዎት!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የሱቅዎ የድጋፍ ደብዳቤ ዐርብ ያበቃል አይደል? ቅጾቹን ልወስድ ስመጣ እግረ መንገዴን እሷንም ፈርሜ አመጣልዎታለሁ።»

ይቺ ደብዳቤ ቀላል ነገር አይደለችም። የመንገድ ዳር ሱቅ በየዓመቱ ኮሚቴው «ይሥሩ» ብሎ ካልፈረመለት ይነሣል። ሊቀመንበሩ ይኼን ሲያስታውሳቸው ክፋት ያሰበ አይመስለኝም። ግን አስታወሳቸው።

ባለቤታቸው ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ይዘው ይመጣሉ። አጭርና ፈጣን ሴት ናቸው። ጋሽ ቁልፌ ነገሩን ነገሯቸው። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው።

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«እንጃ።»

«ሱቁ ከተነሣ ቤት ልትውል ነው?»

«እንግዲህ።»

«እሱን ነው የማልችለው! ያኔ ሁለት ቀን ታመህ ቤት ብትውል የጓዳውን በር ሦስቴ ፈታህብኝ።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «የእህቴን ቤት ታውቃለህ። አብሮን የሚጸልየውን የመምህሩን ቤት ታውቃለህ። ትጽፋቸዋለህ?»

«ምሳው እየቀዘቀዘ ነው» አሉ ጋሽ ቁልፌ።

ረቡዕ የባለሱቋ የቤት ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰበረ። ጋሽ ቁልፌ ሄደው ከፈቱላት፤ አዲስ ለማስቀረጽ ተከትላቸው ወደ ሱቃቸው መጣች። ቅጾቹን ማሽኑ አጠገብ አየች።

«አሃ፣ ለምዝገባው ነው? ይሙሉ እንጂ ጋሼ! የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው…»

«ልክ ነሽ። በይ ካንቺ ቤት ልጀምር። ከአልጋው ሥር…»

«ጋሼ!»

«ስድስት ጥንድ ጫማ። አንዱም መሬት አልነካ። ባልሽ እንደሆነ…»

«ኧረ በናትዎ ቀስ ይበሉ!»

«የሚደበቅ የለም ስትዪ ነው።»

«ጫማ እኮ ነው! ሃይማኖት አይደለም!»

«ለጫማ እንዲህ ከደነገጥሽ» አሉና ቁልፏን አቀበሏት።

ፊቷ በርበሬ መስሎ ወጣች። መንገዱን አጋምሳ ተመለሰችና እኔን «አንቺ አልሰማሽም አይደል?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኩ። ሰባተኛው ጥንድ፣ ዚፕ ያለው ቡትስ፣ በዚያች ሰዓት እኔ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሐሙስ አላስችል አለኝ። ወጥቼ በራቸው ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ስትናገሪ ከባድ ከባዱን ነው የምትመርጪው።» ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «ቁልፍ የጠፋበት ሰው እንዴት እንደሚሆን አይተሻል? ቤቱ አልተጠረገም፣ አልጋው አልተነጠፈም፣ ሆኖም ያስገባኛል። ምርጫ የለውም። እኔም ዓይኔን መቆለፊያው ላይ አድርጌ እገባለሁ፣ እንዲሁ አድርጌ እወጣለሁ። ያየሁትን ካወጣሁ ነገ ማን ያስገባኛል?»

«ጫማዎቹስ ታዲያ?» አልኩ።

«እነሱማ አደናቀፉኝ።»

ሳቅን። ከዚያ እሳቸው ጣሪያውን በመዳፋቸው ነኩት። ለመንካት መዘርጋት አያስፈልጋቸውም። «ሃያ ስድስት ዓመት አጎነበሰችኝ» አሉ። «ብትሄድ ግን የምከፋ ይመስለኛል።»

ዐርብ ሊቀመንበሩ መጣ። ደብዳቤዋ ከኪሱ ጫፏ ይታያል። ዳቦ ጋጋሪው ቁልፍ ሊያስቀርጽ ቆሟል፤ ባለሱቋ ከማዶ አንገቷን አስግጋለች፤ እኔ ደግሞ ምንም ያልተበላሸ ዚፕ ይዤ በሬ ላይ ነኝ። ጋሽ ቁልፌ ቅጾቹን እንደመጡ አስተካክለው ሰጡት። እሱም ከሥር ጀምሮ ገለጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ ባዶ ነው። ይኼም ባዶ ነው።»

«ከላይ ያለውን እየው።»

ከላይ ያለው ተሞልቷል። በጥሩ ጽሕፈት፣ ስም ከነአያት፣ አድራሻ፣ ሃይማኖት። ሊቀመንበሩ ስሙን አላወቀውም፤ ደብዳቤዋ ላይ እንኳ የሚጻፈው «ቁልፍ ቀራጩ» ብቻ ነው።

«ይኼ ሰውዬ ማነው?»

«ሥራ የሚለውን አንብብ።»

«ቁልፍ ቀ…» ቀና አለ። «እርስዎ ከነሱ ነዎት?»

«ከነማን?»

«ከ… ከነዚያ።»

«ነኝ። አልጠየቅከኝም። የኛው ነዎት ስትለኝ ደግሞ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።»

ሊቀመንበሩ ባዶዎቹን ቅጾች እንደገና ገለጠ። «ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹን ራሳቸውን ጠይቅ። እኔ የራሴን በር ከፍቼልሃለሁ። ሃያ ዘጠኙን ወረቀት አላቆሸሽኩብህም፤ ለሌላ ይሆንሃል።»

«እኚህን ሰውዬ ነው አናሳ የሚሏቸው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ከሠፈሩ ረጅሙ እሳቸው አይደሉ እንዴ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሊስቅ ነበር፤ የመጣበት ነገር ትዝ ብሎት አቆመው። ደብዳቤዋን ከኪሱ አወጣት፣ አያት፣ መልሶ ከተታት። «እንግዲህ… ከኮሚቴው ጋር ልነጋገርበት» አለ። ከኮሚቴው ጋር ልነጋገር ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።

ቅዳሜ ሦስት ሰዎች ትርፍ ቁልፋቸውን ሊወስዱ መጡ። አንዱ ለዘመድ ልሰጠው ነው አለ። አንዷ ምክንያት አላመጣችም። ሦስተኛው መሬት መሬት እያየ ጠበቀ። ጋሽ ቁልፌ ለሁሉም ዞር ሳይሉ አነሡላቸው፤ ሦስተኛው ላይ ግን እጃቸው ትንሽ ዘገየ። ያን ቀን ሲያስነጥሱ አልሰማሁም።

ማክሰኞ ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ፤ ሱቋ በሦስት ቀን ውስጥ ትነሣ ይላል። «ጋሼ፣ እኛ ታዘን ነው» ይላሉ ደጋግመው። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይላሉ እሳቸው፣ እንደ ማጽናናት። ወጣሁና «እኔ ጋ ይግቡ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ማንም አልሰማኝ። ደግሜ ስለው ለካ ጮኬያለሁ፤ መንገዱ ሁሉ ዞረ።

«እኔ ጋ ይግቡ! የኔ ደብዳቤ ገና ዘጠኝ ወር ይቀረዋል!»

ከዘጠኝ ወር በኋላ ለኔ ማን ይፈርምልኛል የሚለውን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ወረቀታቸው ላይ ሱቋ ትነሣ ይላል እንጂ ሰውየው ይነሡ አይልም። ባለቤታቸው ምሳውን እንደያዙ ጉንጬን ሳሙኝ። «ልጄ፣ ፈጣሪ ይስጥሽ። ቤት ሲውል አታውቂውም!»

ማሽኑን ዳቦ ጋጋሪው ተሸከመ። ሰሌዳውን በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው በኩል ባለሱቋ ያዝን። «የኔ እንዳትወድቅ» ትላለች፣ የትኛዋ እንደሆነች ሳታውቅ።

ይኸው አምስት ወር ሆነን። ሬዲዮው ክርክሩን አልጨረሰም፤ አንድ ሳምንት መስመሩ ይቀራል ይላሉ፣ አንድ ሳምንት ይገባል ይላሉ። ሊቀመንበሩ ቅጾቹን ይዞ የማንንም በር ሲያንኳኳ አላየነውም። ከሦስቱ ሰዎች ያቺ ምክንያት ያላመጣችው ሴትዮ ቁልፏን መልሳለች፤ ሲመልሱም ምክንያት አይጠየቅም። ሁለቱ ቀርተዋል።

ሱቄ በርዝመት የጋሽ ቁልፌን እግር ብታክል ነው። የሳቸው የብረት ብናኝ ዚፔ ውስጥ ይገባል፣ የኔ ክር ማሽናቸው ላይ ይጠመጠማል። ጠዋት ጠዋት የምንነጋገረው ይኼንኑ ነው።

«የስፌት መኪናሽን አንድ ስንዝር ወደዚያ።»

«አንድ ስንዝር የለኝም ጋሼ።»

«ግማሽ እንኳ።»

«በማን እጅ ነው? በርስዎ ከሆነ የኔን ሁለት ያህላል።»

«በኔ እንለካዋ።»

«በኔ ነው እንጂ፣ ሱቁ የኔ!»

እስካሁን አልተስማማንም።